የእማማ ሳማ ነጠላ

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ ሞላሌ ውስጥ እንደ እኔ በሙት መንፈስ ወሬ የሚስቅ ሰው አልነበረም፣ አንዱ መጥቶ «መቃብር ቤቱ ጥግ ጥላ አየሁ» ሲል «የየትኛው ቤት ጠላ ነው?» ብዬ የማሾፍ ሰው ነበርኩ። እንግዲህ ይህን ልብ በልና ስማኝ ወዳጄ፣ ባታምነኝም አልቀየምህም።

ባለቤቴ ዘነበች የትምህርት ቤታችን የድራማ ክበብ ኃላፊ ነበረች። በየዓመቱ ለወላጆች ቀን የጠፋ ዕቃ ስለሚያፈላልግ ቤተሰብ አስቂኝ ድራማ ታዘጋጃለች፤ ቤተሰቡ ያው ነው፣ የሚጠፋው ዕቃ ብቻ ይለያያል፣ ሌባዋም ሁልጊዜ ጠንቋይዋ እማማ ሳማ ናት፣ እማማ ሳማን የምትጫወተው ደግሞ ራሷ ዘነበች። ልብሱን የሠራችው ከአባቷ ጥቁር በርኖስ ነው፣ ጫፉ ላይ ዙሪያውን የለስላሳ ቆርኪ ሰፍታበት ስትራመድ ቅጭል ቅጭል ይላል፣ ከላይ ነጠላ ትከናነባለች።

መጀመሪያ ጊዜ ስትጫወት፣ ለማስፈራት ብላ ነጠላውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ወጣች። ከፊት ወንበር አንዲት አሮጊት «አንቺ ልጅ፣ ምን ያሟርትሻል! ማን ሞተብሽ?» ብለው ጮኹ። እሷ መቼ ትደነግጥና! «ገና ነው፣ እማማ!» አለቻቸው፣ አዳራሹ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ከዚያ ወዲህ እማማ ሳማ በወጣች ቁጥር ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ማን ሞተብሽ?» ይላሉ፣ እሷ «ገና ነው!» ብላ ነጠላዋን ገልብጣ ታስተካክላለች፣ ድራማው ይቀጥላል።

ባለፈው ክረምት ዘነበች ታመመች፣ ሳትሰነብትም ሞተች። ለቅሶው ላይ አላለቀስኩም፤ የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጃችን ጽጌ እንዳትደነግጥ ብዬ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ፣ እሷም እኔን እያየች አላለቀሰችም። ከዚያ በኋላ የእናቷን ስም አንስታ አታውቅም፣ እህል አልበላ አላት፣ ከሳች።

ዘንድሮ የወላጆች ቀን ሲደርስ «አባዬ፣ እማማ ሳማን እኔ ልሁን» አለችኝ። እምቢ ማለት አቃተኝ። በርኖሱንና ነጠላውን ለየብቻ አጥፌ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ የቆለፍኩት እኔ ነኝ፣ ቁልፉም ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከጓሳ ተራራ በኩል ወርዶ ግቢውን ሸፍኖታል፣ ሳጥኑን ስከፍት ነጠላው በርኖሱ ላይ ተደርቧል፣ ጥለቱ ወደ ላይ። ረስቼው ይሆናል አልኩ፣ ሌላ ምን ልል እችላለሁ? ጽጌን በእጄ አለበስኳት፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርጌ በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩላትና ሄጄ ከወላጆች ጋር ተቀመጥኩ።

ከመጋረጃው ጀርባ ቅጭል ቅጭል የሚለው መጣ፤ እርምጃው ግን የልጅ አልነበረም፣ ረጋ ያለ፣ ግራ እግሩን ትንሽ የሚጎትት ሰው እርምጃ ነው፣ እመነኝ፣ አሥራ አራት ዓመት ቤቴ ውስጥ የሰማሁት እርምጃ ነው። መጋረጃው ሲከፈት ጽጌ ብቻዋን ቆማለች፣ ነጠላው ተዘቅዝቋል።

ልጆቹ ለምደውት «ማን ሞተብሽ?» ብለው ጮኹ። ምን እንዳሉ የገባቸው ጮኸው ካበቁ በኋላ ነው። «እናቴ» አለች ጽጌ፣ «እናቴ ሞተችብኝ!» ብላ ተንሰቀሰቀች። ዘልዬ መድረኩ ላይ ወጣሁ፣ አቅፌያት ያ ሁሉ ሰው እያየኝ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ቤት ስንደርስ «ነጠላውን ለምን ገለበጥሽው?» አልኳት።

«እኔ አይደለሁም፣ እማዬ ናት። አሁን አልቅሺ አለችኝ» አለችና እራቷን ጥርግ አድርጋ በላች። መርፌ ቁልፉን ኮት ኪሴ ውስጥ እንደተቆለፈ አገኘሁት።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት፣ የእናት አንጀት ነው ብዬ እጽናና ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ልብሱን ፀሐይ ላስመታው ብዬ ሳጥኑን ብከፍት፣ አስተካክዬ ያጠፍኩት ነጠላ እንደገና ተዘቅዝቋል። ጽጌ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል፣ «አባዬ፣ አሁን ደግሞ ማን ሞተብን?» አለችኝ፣ ፈገግ ብላ፣ እንደ ቀልድ።

እኔም ሳላስበው «ገና...» ብዬ ቀሪውን ዋጥኩት። ሳጥኑ ውስጥ ቆርኪው ቅጭል አለ፣ እኔም እሷም አልነካነውም። እጇን ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ባስነጠሰች ቁጥር ግንባሯን እዳስሳለሁ፣ ከእሷ ሌላ ማን አለኝ?