መኪና የወጣላት ኖዚቤሌ

ኖዚቤሌ በደቡብ አፍሪካዋ የኢስት ለንደን ከተማ አንድ የልብስ ንጽሕና ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ የምትኖረው ምዳንትሳኔ በሚባለው ሰፈር፣ ከእናቷ ጋር ነው። ሰፈሩ የሚያውቅላት አንድ ዓመል ነበራት፤ ሱቆችና ፋብሪካዎች የሚያወጡትን የሽልማት ዕጣ መሙላት።

ደንቡን እስከ መጨረሻው መስመር ሳታነብ ስሟን አትጽፍም። የማይጠጡትን ሻይ፣ የማይታጠቡበትን ሳሙና ለዕጣው ኩፖን ብላ አትገዛም። በሰባት ዓመት ውስጥ ሁለት ብርድ ልብስ፣ አንድ ሬዲዮና አንድ ማቀዝቀዣ ወጥቶላታል።

እናቷ ግን ለረጅም ጊዜ የሥራ ፈት ጨዋታ ይሉት ነበር። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ደውሎ ሽልማት እንደወጣላቸው፣ የማጓጓዣውን ገንዘብ ግን አስቀድመው መላክ እንዳለባቸው ነገራቸው። እሳቸው ቦርሳቸውን አንስተው ሊወጡ ሲሉ ኖዚቤሌ ስልኩን ተቀብላ የየትኛው ዕጣ እንደሆነ፣ መቼ እንደወጣ ጠየቀችው። ሰውዬው ዘጋው።

«ሽልማት ከሆነ ይሰጡናል እንጂ አያስከፍሉንም፣ እማ» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ እናቷ ቅዳሜ ጠዋት ኩፖን የምትሞላበትን ጠረጴዛ ራሳቸው ይወለውሉላት ጀመር።

ምዙኪሲ የሚባለውን ወጣት ያገኘችው ስኳር ልትገዛ በገባችበት ሱቅ ነው። የንታባ ሻይ ፋብሪካን ሰማያዊ ቱታ ለብሶ ካርቶን ይደረድራል፤ አጠገቡ ትልቅ የዕጣ ሳጥን ቆሟል።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ይሄ ሳጥን ቁልፍ የለውም እኮ።»

ሳጥኑን አየ። ከዚያ እሷን አየ፤ ሁለተኛው እይታ ቆየት አለ።

«እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም።»

«እኔ ስሜን የምጥልበትን አያለሁ።»

ወጥቶ ሄደ። ሲመለስ አዲስ ቁልፍ ይዟል። ፊት ለፊቷ ቆልፎ መክፈቻውን ለሱቁ ኃላፊ አስረከበ። ኖዚቤሌም አንዲት ኩፖን ሞልታ ጣለች።

በሳምንቱ ምዙኪሲ ካፖርት ይዞ ልብስ ንጽሕና ቤቱ መጣ። ካፖርቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«ይሄ እኮ ንጹሕ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ።

ኖዚቤሌ ፈገግ ብላ ደረሰኝ ጻፈችለት።

መገናኘት ከጀመሩ ወዲህ ኖዚቤሌ የንታባ ሻይን ዕጣ አልሞላችም፤ የሠራተኛ ቤተሰብም ሆነ እጮኛ መካፈል እንደማይችል ደንቡ ላይ አንብባለች። የመጀመሪያዋ ኩፖን ግን ሳጥኑ ውስጥ ነበረች። በአምስተኛው ወር የምዙኪሲ አጎቶች በሽምግልና መጡ፤ ስለ ጥሎሹ ተስማሙ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደብዳቤ ደረሳት። መኪና ወጥቶላታል። ከደብዳቤው ጋር የሚፈረም ወረቀት ነበር፤ በፋብሪካው የሚሠራ የትዳር ጓደኛ፣ እጮኛ ወይም ዘመድ እንደሌላት የምታረጋግጥበት።

የምዙኪሲ ታላቅ አጎት ገና ሠርግ ስላልተደገሰ መፈረም ትችላለች አሉ። ምዙኪሲ ራሱ፣ ዓይኗን ሳያይ፣ የጋብቻውን ነገር ለጥቂት ወራት ማዘግየት እንደሚቻል፣ እሱም እንደማይከፋው ነገራት። እናቷ በየቀኑ በሁለት ታክሲ ተሳፍረው ለእግራቸው ሕመም ክሊኒክ እንደሚመላለሱ ሁለቱም ያውቃሉ።

ኖዚቤሌ ወረቀቱን አጥፋ ወደ ምዙኪሲ ዞረች።

«ሳጥኑን የቆለፍከው አንተ ነህ። ነገ ቢታወቅ ሌባ የሚሉት አንተን ነው።»

«ማን ያውቃል ብለሽ ነው?»

«እኔ አውቃለሁ። ደግሞስ በገዛ እጄ ምዙኪሲ የሚባል ሰው የለኝም ብዬ ልጻፍ? አልጽፍም።»

ያን ጊዜ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ውስጥ እፍረትም ነበር፣ ሌላም ስም ያላወጣችለት ነገር ነበር። በማግሥቱ አብሯት ፋብሪካው ቢሮ ገባ። የዕጣው ኃላፊ ወረቀቱን ባዶውን ስታይ ግራ ገባት፤ ማንም እንደማያጣራው ነግራት፣ ለምን ሳትፈርም እንደመጣች ጠየቀቻት።

«እጮኛዬ እዚህ ነው የሚሠራው» አለች ኖዚቤሌ፤ እጁን ያዘች። «ኩፖኗን የጣልኩት ሳላውቀው ነው። ደንቡ ግን ደንብ ነው።»

ኃላፊዋ ከመቀመጫዋ ተነስታ ጨበጠቻቸው። መኪናው ክዊንስታውን በምትባል ከተማ ለሚኖሩ ጡረተኛ አስተማሪ ደረሰ። ኖዚቤሌ ያን ሌሊት አለቀሰች፤ ስለ እናቷ እግር እንጂ ስለ መኪናው አልነበረም። እናቷ ግን ነገሩን በቤተ ክርስቲያን ለሴቶቹ ሁሉ ሲያወሩ ሰነበቱ፤ ሲያወሩት ድምፃቸውን ዝቅ አያደርጉም ነበር።

የሠርጉ ቀን ሙሽራዋ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ታክሲ ተሳፈረች። ምዙኪሲ ከጎኗ፣ አክስቶቿ ከኋላ እየዘፈኑ። እናቷ ከፊት፣ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሾፌሩ ሙሽራ በታክሲ ጭኖ እንደማያውቅ እየሳቀ ነገራቸው።

«የራሷ መኪና ወጥቶላት ነበር፣ ልጄ» አሉት እናቷ፣ የራስ መሸፈኛቸውን እያስተካከሉ። «እሷ ግን እሱን መረጠች።»

ሾፌሩ በመስታወቱ ወደ ኋላ አያቸው። ከዚያ ጥሩምባውን እየነፋ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር አደረሳቸው።