እናቴን አስፈቅዳት

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው። አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ነበር። ፀሐይዋ ወለል ብላ ወጥታለች። ቦታው የእንጨት ሥራ ቤቴ ነው።

አናጺ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንጨት ስልግ ኖሬያለሁ። ለኑሮዬ በርና ቁም ሳጥን እሠራለሁ፤ ፍቅሬ ግን ወንበር ነው። ያረጀ ወንበር ካየሁ እግሬ አያልፍም። ሕግ የምትማረው ልጄ ይህን አይታ ትንሽ ድረ ገጽ ከፈተችልኝ። የድሮ ወንበሮችን ፎቶ እለጥፍባታለሁ። ምንም አላተርፍባትም፤ የልቤ ማድረሻ ናት።

ከዚያ ቅዳሜ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ልጄ ገጿን ስታገላብጥ ፊቷ ተለዋወጠ።

"አባዬ፣ እነዚህን ሁሉ አንተ ነህ ያነሳሃቸው?"

"ግማሹን። ሌላውን ኢንተርኔት ላይ ተሰጥቶ አገኘሁት።"

"ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስም እኮ ባለቤት አለው!"

አፈርኩ።

አብረን ቁጭ ብለን ለየናቸው። ባለቤቶቹ "ስማችንን ጽፋችሁ ተጠቀሙ" ብለው በግልጽ የፈቀዷቸውን፣ ስማቸውን እየጻፍን አቆየን። ለሌሎቹ ደብዳቤ ላክን። እምቢ ያሉትንም ዝም ያሉትንም አወረድን።

"ባለቤቱ የሞተ ቢሆንስ?" አልኳት ለቀልድ።

"ወራሹን ትጠይቃለህ። ሰው ሲሞት መብቱ አብሮት አይቀበርም።"

ሳቅኩ። ያኔ ሳቅኩ...

በመጨረሻ አንድ ፎቶ ቀረ።

ባለ መደገፊያ ወንበር ነው፤ ነጭ ግድግዳ አጠገብ ባዶውን ቆሟል። ምስማር የሚባል አልነካውም፤ እንጨት በእንጨት የተሰካካ ነው። የግራ የኋላ እግሩ ብቻ በአዲስ፣ ነጣ ባለ እንጨት ተጠግኗል። ከሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ስለነበር ማውረዱ ጨነቀኝ። ያገኘሁበት ገጽ ላይ የኢሜይል አድራሻ ነበረ። ያን ቅዳሜ ጻፍኩ።

"ይቅርታ፣ ሳላስፈቅድ ለጥፌው ነበር። ይፈቅዱልኛል?"

ላክሁት። ጣቴን ከስልኩ ሳላነሳ መልስ ገባ።

"እናቴን አስፈቅዳት።"

ከሥሩ የቤት አድራሻ አለ። ሰላምታ የለ፣ ስም የለ።

"ይሄ ሰውዬ ስልኩ ላይ ተኝቶ ነው እንዴ የሚውለው?" አልኩ ለራሴ።

ልጄ ያዘጋጀችልኝን የፈቃድ ወረቀት አጥፌ ኪሴ ከተትኩና በእግሬ ሄድኩ። ቤቱ ከአንድ ጎማ ጠጋኝ ሱቅ ጀርባ ነው፤ በሩ ሰማያዊ፣ ቀለሙ የተላላጠ። አንኳኳሁ። አንዲት ሸምገል ያሉ እናት ከፈቱልኝ።

"እማማ፣ ልጅዎ ነው የላከኝ።"

"የቱ ልጄ?"

"ፎቶ አንሺው።"

እጃቸው በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

"እኔ የነበረኝ አንድ ነው..." አሉ በሹክሹክታ። "እሱም ከሞተ ሦስት ዓመቱ።"

ቤት ተሳስቻለሁ ብዬ ልመለስ ስል፣ ከትከሻቸው በላይ ወንበሩን አየሁት።

ያው ወንበር። ያው ግድግዳ።

አስገቡኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸውና ፎቶውን አሳየኋቸው። ስልኩን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ብዙ አዩት።

"የድምቡሼ እጅ ነው ያነሳው" አሉ። "ሲወለድ ድንቡሽቡሽ ያለ ነበር። ሲያድግ እንደ ሸንበቆ ቀጠነ፤ ስሙ ግን አልለቀቀውም።"

ፈገግ አሉ። ፈገግታቸው አልቆየም።

"የወንበሩን እግር ማን ጠገነው?" አልኩ። አናጺ አይደለሁ!

"ጎረቤቴ ነው። የተሰበረውም ዐምና ነው።"

ዐምና...

ልጁ የሞተው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ፎቶው ላይ ያለው እግር ደግሞ የተጠገነው ነው።

አልነገርኳቸውም። እሳቸውም እኔን አላዩኝም፤ ዓይናቸው ስልኩ ላይ ነው።

"ስለ እኔ... ሌላ ምን ብሎ ጻፈልህ?"

"ይህን ብቻ ነው፣ እማማ።"

"ለእኔ አንድ ቀን አልጻፈልኝም። በሕልሜ እንኳን አልመጣም። ተቀይሞኝ ነው።"

እየቆራረጡ ነገሩኝ። ሆስፒታል አሥራ ሰባት ቀን ካጠገቡ አልተነሱም። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ነርሷ "ዛሬ ደህና ነው፣ ይሂዱና ልብስ ይቀይሩ" አለቻቸው። ሄዱ። ተጣጥበው፣ አረንጓዴ ቀሚሳቸውን ለብሰው እየሮጡ ተመለሱ።

ሲደርሱ አንሶላው ፊቱ ላይ ነበር።

"አንዲት ሰዓት ናት። አንዲት ሰዓት ብቻ ተለየሁት! ቀሚሱን በማግስቱ አቃጠልኩት።"

ከዚያ እጄን ጭምቅ አድርገው ያዙኝ።

"ጠይቅልኝ። ጠርቶኝ ነበር ወይ በልልኝ።"

"እማማ... ይቅርብዎ።"

"ጻፍ፣ ልጄ።"

ጻፍኩ። "እናትህ አጠገቤ ናቸው። ያን ቀን ጠርተሃቸው ነበር ወይ ይላሉ።"

አሁን ቶሎ አልመለሰም።

ጠበቅን። ከውጭ የጎማ ጠጋኙ መዶሻ ይሰማል። ኳ... ኳ... ኳ...

ድንገት ቆመ።

ስልኩ ነዘረ።

ጽሑፍ የለውም። ፎቶ ነው።

የሆስፒታል ክፍል ነው። አልጋ ላይ የተኛ ሰው፣ ከትራሱ ሆኖ ያነሳው ይመስላል፤ ከታች አንሶላውና አንሶላው ሥር ያሉ የሁለት እግሮች ቅርጽ ይታያል። ከአልጋው ጎን እማማ ተቀምጠዋል። የተኛውን ሰው እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ጎንበስ ብለዋል።

አረንጓዴ ቀሚስ ለብሰዋል።

"አልነበርኩም..." አሉ። ድምፃቸው ተሰነጠቀ። "በዚህ ቀሚስ ሳለሁ እሱ በሕይወት አልነበረም እኮ!"

ስልኩ እንደገና ነዘረ።

"እሷ ነበረች። ይህን እንዳትለጥፈው። የእሷ ነው።"

እማማ ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ። እንባው ዝም ብሎ ይወርዳል። እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ፤ ለማላውቀው ሰው ልጅ እንደ ወንድሜ አለቀስኩለት።

ሲረጋጉ "ወረቀትህን አምጣ" አሉኝና ፈረሙ። ወንበሩን ብቻ ነው የፈቀዱልኝ።

"ከሥሩ ስሙን ጻፍለት፤ ሙሉ ስሙን። ድምቡሼ ብለህ እንዳትጽፍ፣ ይቆጣል።"

"ይሄኛውን ፎቶ አሳጥቤ ነገ አመጣልዎታለሁ።"

"ተወው። አይቼዋለሁ።"

ተሰናብቼ ወጣሁ። በመስኮቱ በኩል ሳልፍ ሳላስበው ወደ ውስጥ አየሁ።

ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ መዳፋቸውን አንድ ነገር እንደያዘ ሰው አጥፈዋል። በመዳፋቸው መካከል ግን ምንም የለም። ባዶ አየር ነው።

እግሬን ላነሳ ስል የእጅጌያቸው ጫፍ ጭምድድ አለ...

ቀስ ብሎ። የአምስት ጣት ያህል። ሰው አጥብቆ ሲይዘው እንደሚሆነው።

እማማ ዓይናቸውን አልገለጡም።

"አለሁ" አሉ።