የማይሄደው ባቡር ተቆጣጣሪ

በቀን አሥራ አራት ጊዜ ባቡር እሳፈራለሁ፤ አንድም ቀን የትም ደርሼ አላውቅም።

ሥራዬ ነው። ድሮ ፊልም ይሠራበት የነበረውን ግቢ ለጎብኚ ሲከፍቱት፣ ሰዉ ከሁሉ አብልጦ የሚወደውን ፊልም መርጠው በውስጡ የነበረውን ባቡር እንዳለ አቆሙት። ጎብኚዎች ገብተው ይቀመጣሉ። ከወለሉ ሥር ያለው ሞተር መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ፊሽካ ይነፋል፣ የሐዲዱ ድምፅ ከጣሪያው ይለቀቃል። ከመስኮቱ ውጭ ደግሞ በሁለት ትልልቅ በርሜሎች ላይ የተጠመጠመ ባለሥዕል ሸራ ይዞራል። ጋራ፣ አጥር፣ ድልድይ፣ ነጭ ፈረስ፣ እንደገና ጋራ። እኔ ሰማያዊ ካፖርትና ቆብ አድርጌ ትኬት እየበሳሁ ከፊልሙ የተቀዳውን ንግግር እናገራለሁ። በዘጠነኛው ደቂቃ ሁላችንም በገባንበት በር እንወጣለን። አንዳንዱ ያጥወለውለዋል። አንድ ስንዝር ሳይሄድ መንገድ የሚያመው ሰው ያየሁት እዚያ ነው።

እኔን ግን ምንም አይለኝ። በስምንት ወር ውስጥ ዓይኔ በመስኮት የሚያልፈውን ነገር ማመን ትቷል። ጋራ ሲያልፍ ካየሁ፣ የሄደው ጋራው እንጂ እኔ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ።

በሩን ለደኅንነት ሲባል ከውጭ የሚቆልፈው ከሸራው ጀርባ ያለው ሠራተኛ ነው። እሱ በጓሮ በር ይገባል፣ እኔ በጎብኚዎቹ በር። የምሳ ሰዓታችንም ለየቅል ነበር። ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ሲያንኳኳ «ልጀምር ነው» ማለቱ ነው፤ እኔም ሁለት ጊዜ አንኳኩቼ እመልሳለሁ። አምስት ወር ሙሉ ከዚህ ሌላ ተነጋግረን አናውቅም። የግቢው ሠራተኛ «ተራራው» ይለዋል፤ ጋራውን የሚያሽከረክረው እሱ ስለሆነ።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ጎብኚዎቹን ሸኝቼ ወለሉን ስጠርግ መብራት ጠፋና በሩ በራሱ ተቆለፈ። እኔ ደግሞ የተዘጋ ቦታ ነፍሴ አይወድም። በሩን በጡጫ ደበደብኩት። እንዴት እንደጮኽኩ ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ።

ድንገት ከመስኮቱ ውጭ ሸራው ገለጥ አለና፣ ከጓሮ በር በሚገባው ብርሃን አንድ ፊት ብቅ አለ። ጢሙ ላይ አረንጓዴ ቀለም ነበረበት።

«አይዞሽ!» አለ በመስታወቱ ውስጥ እየጮኸ። «መብራት ካልመጣ በሩ አይከፈትም። ግን አለሁ፣ የትም አልሄድም።»

«አንተ ነህ እንዴ የምትቆልፍብኝ?»

«እኔ ነኝ። በቀን አሥራ አራት ጊዜ። ይቅርታ።»

«ሽማግሌ ነበር እኮ የመሰልከኝ።»

«በምን?»

«ስታንኳኳ ቀስ ትላለህ።»

«እንዳላስደነግጥሽ ብዬ ነው» አለ።

 ትንፋሹ መስታወቱን ሲያደበዝዘው በእጅጌው ጠረገው፤ ጠርጎም እንደገና አየኝ። እኔም ዓይኔን ከፊቱ አላነሣሁም። ፍርሃቴ የት እንደገባ አላውቅም። መብራቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲመጣ፣ ምን አስቸኮለው ብዬ ተናደድኩ።

ከዚያ ወዲያ የምሳ ሰዓቴን ቀየርኩ። ከሸራው ጀርባ ሁለት ባዶ የቀለም ባልዲ ገልብጠን እንቀመጥ ነበር። ጋራውንም ፈረሱንም የሳለው እሱ ነው፤ ነገር ግን ሸራው ሲዞር ከመስኮቱ ወገን ሆኖ አይቶት አያውቅም። «እስኪ ምን እንደሚመስል ንገሪኝ» ይለኛል። ፈረሱ ትንሽ በቅሎ ይመስላል ስለው አኮረፈ። በማግስቱ ስገባ ጆሮውን አሳጥሮት አገኘሁ። እኔ እንግዲህ ሰው የምወደው እንዲህ ባለ ነገር ነው፤ ወደድኩት።

ከተዋወቅን በሦስተኛው ወር ሸራው ሊነሣ ነው ተባለ። በስክሪን ሊተኩት።

«እኔን ሌላ ከተማ ቀጥረውኛል» አለኝ። «አዲስ መዝናኛ ግቢ ነው፤ በፊልም የታየ አንድ መንደር እንዳለ ሊያቆሙ ነው። አዲሱን ግድግዳ አሮጌ ማስመሰል ነው ሥራዬ።»

«ታዲያ እኔን እንዳታስረጀኝ!»

«አንቺ ከእኔ ጋር ነው የምታረጂው» አለ።

ቀልዱ መሃል ላይ ቆመ። በእጁ የያዘውን ብሩሽ አስቀመጠ።

«እንጋባ። አብረሽኝ ነይ። ሁለት የባቡር ትኬት ቆርጫለሁ፣ እሁድ ጠዋት ሦስት ሰዓት። ካልመጣሽም አልቀየምሽም።»

«ትቀየማለህ እንጂ።»

«እቀየማለሁ» አለ።

ቤት የምለው የታላቅ ወንድሜን ቤት ነው፤ ጋሼ እለዋለሁ። ሚስቱ ሁለተኛዋን ልጅ በወለደች በሳምንቷ ሞተችና፣ ለሁለት ሳምንት ላግዘው መጥቼ አራት ዓመት ቆየሁ። ክፉ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ጥዬው በሄድኩ። ክፉ አይደለም። ማተሚያ ቤት ውሎ ሲመጣ የምወደውን ብርቱካን ይዞ ይገባል፤ ጫማዬ ሲቀደድ ሳልነግረው ወስዶ ያሰፋልኛል። ትንሿ አፏን አዳልጧት «እማዬ» ስትለኝ ግን አያርማትም። እኔም አላርማትም። እንዲህ ዝም እየተባባልን ግድግዳው ዙሪያዬን ቆመ።

ስለ ተራራው ስነግረው ሰሃን እያጠበ ነበር።

«ጥሩ ሰው ነው?» አለኝ።

«ጥሩ ሰው ነው ጋሼ። እንጋባ ብሎኛል። የሚሠራው ግን ሌላ ከተማ ነው።»

አንዱን ሰሃን ሦስት ጊዜ አለቀለቀው። «እኔ ምን እላለሁ» አለ። «ልጆቹን ጠይቂያቸው።»

ዞር ስል ትልቋ የቤት ሥራዋን አቁማ፣ እርሳሷን እንደያዘች ታየኛለች። ስምንት ዓመቷ ነው። ምን ብዬ ልጠይቃት? እንደ ልጅ ዓይን የሚቆልፍ ቁልፍ የትም ፋብሪካ አይሠራም። ቀርቤ የቤት ሥራዋን አረምኩላትና በቃ፣ አልሄድም ብዬ ቆረጥኩ።

እሁድ ጠዋት «ዳቦ ልግዛ» ብዬ ወጣሁ። ተራራው ፊት ለፊት ሳልነግረው ቢሄድ ዕድሜ ልኬን እንደሚቆጨኝ አውቄ ነው። ጣቢያ በቆመው ባቡር ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት። ሲያየኝ ተነሣ።

«ተቀመጥ፤ የምነግርህ አለኝ» አልኩትና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

አልሄድም ማለት አንዲት ቃል ናት፤ እሷን ማውጣት አቃተኝ። ስለ ትንሿ ሳል ነገርኩት። ስለ ጋሼ ነገርኩት፤ ሌሊት ተነሥቶ የልጆቹን ብርድ ልብስ ሲያስተካክል የእኔንም እንደሚያስተካክል። ፊሽካ ተነፋ። ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ ምሰሶዎቹ በመስኮቱ ማለፍ ጀመሩ። እኔ ማውራቴን አላቋረጥኩም። እሱ መስኮቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ። ያስለቀሰው የማወራው ነገር መሰለኝ። እጄን ሲይዘኝም፣ ተረድቶኛል ማለት ነው ብዬ ተጽናናሁ። ዛፍ አለፈ፣ ቤት አለፈ። ምን አዲስ ነገር አለው? በቀን አሥራ አራት ጊዜ ያልፋል።

«ትኬት» አለ አንድ ሰው ከአናቴ በላይ።

እውነተኛ ተቆጣጣሪ ነበር፤ እያዛጋ። ተራራው ከኪሱ ሁለት ትኬት አወጣ። ሰውየው ሁለቱንም በሳቸው። ዓይኔን ወደ ውጭ ስመልስ፣ አንድ ሰው ወንዝ ዳር የጭነት መኪና እያጠበ እጁን አውለበለበልን። እዚያ ሸራ ላይ መኪና የሚያጥብ ሰው የለም።

«አቁመው!» ብዬ ጮኽኩበት።

«ይኼኛውን የማሽከረክረው እኔ አይደለሁም» አለ በቀስታ።

«አልሄድም ልልህ እኮ ነው የመጣሁት! መንቀሳቀሱን አላወቅኩም! በእናትህ፣ እውነቴን ነው!»

በረጅሙ አየኝ። ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ እንዴት ተንጠፍጥፎ እንዳለቀ ዛሬም አይረሳኝም።

«ፊሽካው ሲነፋ ዝም ብለሽ ስትቀመጪ... አውቀሽ የቀረሽ መስሎኝ ነው።» እጄን ለቀቀው። «የሚቀጥለው ጣቢያ አርባ ደቂቃ ነው። አወርድሻለሁ።»

ጋሼ ጋ ደወልኩ። ባቡር ውስጥ እንደሆንኩ፣ በስህተት እንደሆነ፣ ወዲያው እንደምመለስ ነገርኩት። እንደ ሌባ እየተንተባተብኩ ይቅርታ ጠየቅኩት።

«እሺ» አለ፤ ድምፁ የተለመደው ነው። «ወርደሽ ነይ። ምሳ እንጠብቅሻለን።»

ከማን ጋር ነሽ አላለኝም። ደኅና ነሽ አላለኝም። አርባውን ደቂቃ ሙሉ ተራራው መስኮቱን ያያል፣ እኔ እጆቹን አያለሁ። የጥፍሩ ዙሪያ ያን ቀንም አረንጓዴ ነበር። እነዚያን እጆች ዳግመኛ እንደማላያቸው አሰብኩ።

ባቡሩ ቆመ፤ በሩ ተከፈተ። ተራራው ተነሥቶ መንገድ ለቀቀልኝ። አልለመነኝም፣ ቀሪ አላለኝም። ሰው ወረደ፣ ሰው ተሳፈረ። አንዲት ሴት «ትወርጃለሽ?» አለችኝ። ልነሣ አልኩ፤ እግሬ እምቢ አለኝ። እግሬ ነው ብዬ ብዙ ሰበብ ደረደርኩ፤ እግሬ አልነበረም። መውረድ አልፈለግሁም። አራት ዓመት ሙሉ የምፈልገውን የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እኔም ራሴን ጠይቄው አላውቅም ነበር።

ፊሽካው ተነፋ። በሩ ተዘጋ።

ተራራው አጠገቤ ተቀመጠ። ስልኩን እንደገና አነሣሁ።

«ጋሼ፣ አልወረድኩም።»

«በሩ ተዘጋብሽ?»

«አይ» አልኩት። «ክፍት ነበር።»

 ከበስተጀርባው የልጆቹ ድምፅ ይሰማኛል፤ በአንድ ነገር እየተጣሉ ነው።  ከዚያ መሳቢያ ሲከፈት፣ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ።

«የትንሿ የክትባት ካርድ የት ነው ያለው?» አለኝ፤ ድምፁ ተቀይሯል።

«ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ የላይኛው መሳቢያ» አልኩ። እንባዬ አፌ ውስጥ ገባ። «የሳሏን ሽሮፕ በማንኪያ ስትሰጣት ትተፋዋለች፣ በክዳኑ ነው። ጸጉሯን ከጫፉ ጀምረህ አበጥራት። ትልቋ ማክሰኞ ማክሰኞ የስፖርት ልብስ አላት፤ ጫማዋ ጠቧታል ግን አትነግርህም፣ አንተ ነህ የምትጠይቃት። የኮሪደሩን መብራት ደግሞ...»

«ቀስ በይ» አለኝ ጋሼ። «እየጻፍኩ ነው።»