ያልሄደበት ሐይቅ

አባይነህ ተራራ ይስላል እንጂ ተራራ ወጥቶ አያውቅም። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ባለው በጋሽ አጥናፉ ፎቶ ቤት፣ ከተነሺዎች ጀርባ የሚሰቀለውን ሸራ የሚቀባው እሱ ነው።

አንድ ቀን ከማዶው ጨርቅ መሸጫ አንዲት ልጅ ለጉርድ ፎቶ መጣች። ሸራውን አይታ ሳቀች።

«ይቺ ደግሞ የማን አገር ናት?»

«የኔ አገር ናት» አላት አፍሮ።

«መንገዱ ሐይቅ ውስጥ የሚገባ አገር! ሰው ሊሰምጥብህ ነው እኮ!»

ተናኘወርቅ ትባላለች። ከዚያ ወዲያ የአጎቷ ሱቅ ሲዘጋ አብረው ቁልቁል እየሄዱ፣ ጉራጌ አገር ያለውን የአባቷን ቀዬ ታወራለት ጀመር።

«በመስከረም ጠዋት ጉሙ ከሸለቆው ሲነሳ ሐይቁ መጀመሪያ ነጭ ነው። ቆይቶ ሰማያዊ ይሆናል። አደዩ ከአፋፉ ጀምሮ እስከ ውሃው ይወርዳል...»

ትልና ድንገት ቆም ትላለች። ታየዋለች። እሱም ያያታል።

ነሐሴ ሲያልቅ ግን ፊቷ ጠቁሮ መጣች።

«አባባ ለመስቀል ስገባ ለአንድ ነጋዴ ሊያጩኝ ነው። የምወደው ሰው አለ፣ ይዤው እመጣለሁ ብያቸዋለሁ። ‹እንየው› ብለዋል። ትመጣለህ?»

«እናቴ ትሙት፣ እመጣለሁ!»

ባዶ እጁን መሄድ ግን ከበደው። በስልክ የላከችለትን ፎቶ እያየ ሐይቁን ሊስልና ለአባቷ ቤት ግድግዳ ሊወስድላቸው አሰበ። ሸለቆው አማረ፣ አደዩ አማረ፤ የውሃው ብርሃን ብቻ እምቢ አለ። ይቀባል፣ ያጠፋል።

«አንተ ልጅ» አሉት ጋሽ አጥናፉ፣ «ሐይቅ እየሳልክ ነው ወይስ እየቆፈርክ?»

የመስቀል ዋዜማ ደወለች። ከኋላዋ የረዳቶች ጩኸት ይሰማል።

«መናኸሪያ ነኝ። ቦታ ይዤልሃለሁ።»

«ቀለሙ አልደረቀም ተናኙ። ነገ እደርሳለሁ።»

«ሸራውን ተወው አባይ። አንተ ና።»

በማግስቱም ቀለሙ አልደረቀም። እውነቱን ለመናገር ከቀለሙ ይልቅ ‹እንየው› የምትለዋ ቃል አስፈርታው ነበር። በሦስተኛው ቀን ሲደውል ስልኳ ዝግ ነው።

ጥቅምት ላይ ተመለሰች፤ ጣቷ ላይ ቀለበት አለ። ሸራው ፎቶ ቤቱ ውስጥ ተሰቅሎ ነበር። ፊት ለፊቱ ብዙ ቆመች።

«ራሱ ነው» አለች። «ጉሙ ሳይቀር።»

«ለአባባ ነበር...»

«አባባ ወንበር ደጅ አውጥተው መንገዱን ሲያዩ ዋሉ። ክትፎው ሳይነካ። ሲመሽ ‹ልጄ፣ ይሄ ሰው በእርግጥ አለ?› አሉኝ። ሰው ሁሉ ይሰማል። ምን ልበላቸው?»

አባይነህ አንገቱን ደፋ።

«መሃሉን ለምን ባዶ ተውከው?»

ልማዱ ነው፤ የፎቶ ቤት ሸራ መሃሉ አይሳልም።

«ሰው ይቆምበታላ» አላት።

ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አልፈሰሰም።

«እዚያም ቦታው ባዶ ነበር» ብላ ወጣች። መንገዱን ስትሻገር ዞር አላለችም።

በጥር ሰርጓ ሆነ። ሸራው አገር ቤት አልሄደም፤ የፎቶ ቤቱ ተወዳጅ ሆኖ ቀረ። ዛሬም ሁለት ፍቅረኛሞች መሃሉ ላይ ተቃቅፈው ቆመዋል።

«አባይነህ፣ መብራቱን ያዝ!» አሉ ጋሽ አጥናፉ።

ያዘ። ልጅቷ ወደ ኋላዋ ዞራ ሐይቁን አየችው።

«ወይኔ ሲያምር! የት ነው ይሄ?»

«እንጃ» አለ መብራቱን ከፍ እያደረገ። «አልሄድኩበትም።»