የአቶ አለማየሁ የጠርሙስ ጠላ

አቶ አለማየሁ ደጃፉ ላይ ሞቶ ተገኘ፤ አንገቱን ጠርሙስ ቆርጦታል። አገሩ ጋምቤላ ነው፤ እሱ ግን ከደጋ የመጣ አስተማሪ ነው። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ያለው ጠላው ነው። አጥልሎ በቢራ ጠርሙስ ይሞላዋል፣ ስኳር ቆንጠር አድርጎ ይጨምርበታል፣ ቡሹን በሽቦ አስሮ ከማንጎው ሥር እርጥብ አሸዋ ውስጥ ይቀብረዋል። ሲከርም እንደ ቢራ አረፋ ያወጣል።

ሰው ሁሉ ጣቱን ጎረቤቱ ኦቻንግ ላይ ቀሰረ። ዓሣ አጥማጁ ኦቻንግ የአለማየሁ ጠርሙስ ስባሪ እግሩን ቆርጦት፣ ጠርሙሶችህን አንድ ባንድ እሰብራቸዋለሁ ብሎ ሲዝት መንደሩ ሰምቷል። አሁን እጁ በካቴና ነው፤ የሚወስደው መኪና ይጠበቃል።

ሽታዬ አጥር ጥግ ቆማ ታያለች። ክሊኒክ የምታጸዳ መበለት ናት። ከአለማየሁ ጋር በአጥር ላይ እየተያዩ ያወሩ ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። መንደሩ ግን ያለፈውንም የጨመረውንም ያወራል።

መርማሪው ኩዎል የአለማየሁን የጓሮ ተከራይ ኛቢየልን ጠየቃት። ጠብ አልሰማሁም፣ እንደ ጥይት የጮኸ ነገር ብቻ ሰማሁ አለች። ሽታዬም ምንም አላየሁም አለች፤ እውነቷን ነው፣ አላየችም። ኩዎል ስባሪውን አገላበጠ። ከአሸዋው አንድ ጠርሙስ አውጥቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ከፈተና ቀመሰ። ከዚያ ሰዉን ሁሉ ማንጎው ሥር ሰብስቦ ተናገረ።

«በጠርሙስ የሚመታ ሰው የጠርሙሱን አንገት ይዞ ነው። የዚህን አንገት ግን ይዞ የተገኘው ሟቹ ነው፤ ቡሹም እንደታሰረ ነው። ከቀዝቃዛ አሸዋ ወደዚህ እሳት ፀሐይ ሲያወጣው ፈነዳበት።»

«ስንት ዓመት ሲቀብር ኖሮ ዘንድሮ ነው የሚፈነዳው?» አለች ኛቢየል።

«ሽቦው ሁለቴ ተጠምዟል፤ የቀመስኩትም እንደዚሁ ነው፣ ከልክ በላይ ይጣፍጣል። አንድ ሰው ከፍቶ ስኳር ጨምሮ መልሶ አስሮታል።»

«እንዲፈነዳ ብሎ ኦቻንግ ነዋ» አለ ካቴናውን የያዘው ፖሊስ።

«ጠላት መርዝ እንጂ ስኳር አይጨምርም። ደግሞ ቤት ውስጥ ሁለት ብርጭቆ ታጥቦ ተቀምጧል። ሰው የማይገባበት ቤት ነው፤ ማንን ሊጠራ ነበር? የጨመረው ሰው ካልተናገረ ኦቻንግን መልቀቅ አልችልም።»

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ሽታዬ ነጠላዋን አጥብቃ ያዘች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሲደርስ እጠራሻለሁ፣ አብረን እንጠጣለን ብሎኝ ነበር። ቀኑ ረዘመብኝ። ቶሎ እንዲደርስ ብዬ፣ ትምህርት ቤት ሲሄድ ጠብቄ ጨመርኩበት።»

ኩዎል ካቴናውን አስፈታ፣ እሷንም ጣቢያ መጥተሽ ቃልሽን ትሰጫለሽ አላት። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት፤ አጠገቧ ግን ማንም አልቀረበም።

ኦቻንግ አንጓውን እያሻሸ እያነከሰ ደረሰባት።

«እትዬ፣ ቀብር ብቻሽን አትሂጂ። ከእኛ ቤት ሰዎች ጋር ነይ።»