ማሽኑ የሚጮኽበት ሹሩባ

«ጥበቃውን ገፍትራዋለች ወይስ አልገፈተረችውም? ሌላ ምንም አልጠየቅኩሽም።»

የምክትል ርዕሰ መምህርቷ የወይዘሮ ሆልት ድምፅ ሁሌም ለስላሳ ነው፤ ልጅ ሲያባርሩም አይሻክርም። ከጀርባቸው የናዲራ ፎቶ ያለበት ፖስተር ተለጥፏል። «እዚህ ሁላችንም ቤተኞች ነን» ይላል። ፎቶ ሲያነሷት ጥርስሽን አሳዪ ብለዋት ነበር፤ ይኸው እስካሁን እያሳየች ነው።

«ታቪያ ከኋላዬ ነበረች...» አለች ናዲራ።

«አንቺ እኮ እንደሷ አይደለሽም። ተፈተሺ ሲሉሽ ተፈትሸሽ አለፍሽ። ነገ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሲጠይቅሽ አላየሁም ብትዪም ማንም አይቀየምሽም።»

ነገሩ የተጀመረው ቅዳሜ ነው። አክስቷ ሎሬታ ናዲራንና ጎረቤታቸውን ታቪያን ተራ በተራ ጉልበቷ መሀል አስቀምጣ፣ ቀኑን ሙሉ ሹሩባ ስትሠራላቸው ዋለች። ጫፍ ጫፉ ላይ ትንንሽ ወርቃማ ቀለበት አደረገችበት። የፕላስቲኩን ትታ የብረቱን የገዛችው «ለልጆቼ ርካሽ ነገር አላደርግም» ብላ ነው። በአሜሪካዋ ሚልዋኪ ከተማ ትምህርት ቤት በር ላይ ብረት ሲያገኝ የሚጮኽ መፈተሻ ማሽን እንዳለ አጥታው አይደለም። ማሽኑ የሚፈትሸው ቦርሳ ብቻ መስሏት ነው።

ሰኞ ጠዋት ማሽኑ ጮኸ። ከናዲራ ፊት የነበረችው ነጭ ልጅ ቀበቶዋ ሲጮኽ ጥበቃው «እለፊ፣ የኔ ቆንጆ» ብሏት አልፋለች። ለናዲራ ግን ጓንት አጠለቀ። አንገቷን ደፋች፤ ሰልፈኛው እያየ ሹሩባዋን እንደ ኪስ በረበረው።

ታቪያ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች። «ጭንቅላቴ ሻንጣ ነው እንዴ? ራሴ አወልቀዋለሁ!»

ጥበቃው እጇን ሊያስለቅቅ ሲታገል የገዛ ወንበሩ ጠልፎ ጣለው። ሲነሳ «ገፈተረችኝ» አለ። ያዩት ብዙ ናቸው፤ የተናገረ የለም። ታቪያ በዚያው ታገደች።

ናዲራ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታቪያ የቤታቸው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት።

«ምን አልሻቸው?»

«ገና ምንም።»

«አንቺማ ፖስተር ነሽ። ፖስተር ደግሞ አያወራም።» ብቻዋን ሳቀች፤ ሳቁ ግን ሩቅ አልሄደላትም። «እናቴ ነገ ሥራ ናት። ኮሚቴው ጋ ብቻዬን ነው የምገባው።»

ናዲራ ቤት ስትገባ ሎሬታ ጉልበቷ መሀል አስቀምጣት ቀለበቶቹን ማውለቅ ጀመረች። ጣቶቿ መገጣጠሚያቸው ላይ አብጠዋል። ያወለቀችው ሳህን ውስጥ ሲወድቅ ቅጭል ይላል።

«ዝም ብለሽ ግቢ፣ ዝም ብለሽ ውጪ» አለች ሎሬታ። «እዚያ ደህና ስም አለሽ።»

«ታቪያስ?»

ሳህኑ ቅጭል አለ። ደግሞ ቅጭል አለ።

«የብረቱን ያመጣሁባችሁ እኔ ነኝ» አለች ሎሬታ ቀስ ብላ። «እሷም የዚያን ቀን እንዳንቺ ጎንበስ ብትል ኖሮ...»

ናዲራ የጓንቱ ሽታ አሁንም ፀጉሯ ላይ ያለ መሰላት። ሰኞ ጎንበስ ስትል ያየችው የራሷን ጫማ ብቻ ነበር። ቀና ስትል ግን ሁሉንም አይታለች፤ ወንበሩንም ጭምር።

ሳህኑን አንስታ ወደ ኋላ አቀበለቻት።

«መልሺው፣ አክስቴ።»

«ይጮኻል እኮ፣ ልጄ።»

«ይጩኽ። ከታቪያ ጋር ነው የምገባው። ያየሁትን ስናገር በዚሁ ሹሩባ ይዩኝ።»

 ሎሬታ ከሳህኑ አንዱን ቀለበት አነሳች። ባበጡት ጣቶቿ አልገባ ሲላት፣ ናዲራ የሹሩባዋን ጫፍ ያዘችላት።