በራት ተራዬ የገባችው

ይሄ በእኔው በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ፈጠራ ነው የሚል ካለ ማንበቡን እዚሁ ይተወው፤ ማንንም ለማሳመን ትዕግሥት የለኝም።

ቀኑ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ዴንማርክ፣ ኦርሁስ ከተማ፣ የተማሪዎች መኖሪያ ሦስተኛ ፎቅ።

ፀሐይ ወጥታለች። ጨለማ ምናምን የሚባል ነገር የለም።

ማረን እባላለሁ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ዳቦ ቤት ሥራ እገባለሁ። አራት ሰዓት ላይ ዱቄቴን አራግፌ ወደ ክፍል እሮጣለሁ። ዘጠኝ ሰዓት አልጋዬ ላይ እወድቃለሁ...

መተኛት ግን የለም!

ለአሥራ ሁለት የምንጋራው ኩሽና ከግድግዳዬ ማዶ ነው። ሳቁ፣ ሙዚቃው፣ የድስት ክዳኑ... ጨርቄን ልጥል ምንም አልቀረኝም።

"ኧረ በፈጠራችሁ፣ ሁለት ሰዓት ብቻ!" ብዬ ስንቴ ለመንኳቸው።

"እንቅልፋሟ መጣች!" ይላል የጎረቤት ክፍሉ አስገር። "እኛን ጠልተሽ ነው እንጂ በቀን ማን ይተኛል?"

እኛ ዘንድ ደግሞ የራት ተራ የሚባል ነገር አለ። ስሙ የወጣ ሰው ለሁሉም ያበስላል። ካልቻለ ኩሽናው ውስጥ በተለጠፈው የተራ ሰንጠረዥ ላይ ስሙን ይሰርዝና የሚተካው ሰው ይፈርምለታል። ተተኪ ሳያገኙ መቅረት ነውር ነው።

ያን ሐሙስ ተራው የእኔ ነበር። በማግስቱ ፈተና አለብኝ። አሥራ አንዱንም ለመንኩ። አንድም ሰው እሺ አላለኝም።

ደሜ ፈላ።

እስክሪብቶውን አንስቼ ስሜን ሰረዝኩና ጎኑ ላይ ጻፍኩ።

"ማንም ይሁን ማን ይተካኝ። ልተኛበት!"

በሬን ቆልፌ ተኛሁ።

ስነቃ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ስድባቸውን ለመቀበል ተዘጋጅቼ ወደ ኩሽና ሄድኩ።

ዲተ ሳህን እያጠበች ነበር። ከሁሉም የምትሻለኝ እሷ ናት።

"ማረንዬ፣ ዛሬስ እጅ የሚያስቆረጥም ራት ሠራሽልን! ያ ሥጋ፣ ያ መረቅ!"

"የምን ሥጋ? እኔ አሁን ነው የነቃሁት።"

አስገር በሳቅ ፈነዳ። "አሁን አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ስታስቂኝ አልነበር እንዴ?"

ሰንጠረዡን አየሁ።

ከጻፍኩት ሥር... በእኔው የእጅ ጽሕፈት...

"እሺ። ማረን።"

ክው አልኩ። ግን እውነቱን ልናገር? ተኝቼ ነበር። ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቤ ተኝቼ ነበር! ስለዚህ ዝም አልኩ።

በሚቀጥለው ተራዬም ጻፍኩ። ለአስገር ልደት ጻፍኩ። ለዳቦ ቤቱ ሥራም እዚያው ሰንጠረዥ ላይ ጻፍኩ። ያቺ ተተኪዬ ትሄዳለች፣ እኔ እተኛለሁ።

አንድ ቀን ዲተ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"እጅሽ ለምንድነው እንዲህ የሚቀዘቅዘው?"

"መቼ?"

"ትናንት። ደግሞ ዓይንሽ... አንዴም አልተርገበገበም። ደክሞኛል፣ ደክሞኛል ስትዪ አሳዘንሽኝ።"

ወደ ሰንጠረዡ ሮጥኩ።

"እሺ" የሚል የለም።

"ደክሞኛል" ይላል።

ከዚያ በኋላ አልጻፍኩም። እምላለሁ፣ አንድም ቀን አልጻፍኩም።

ያለፈው ረቡዕ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከክፍል ተመለስኩ። ኮሪደሩ ጸጥ ብሏል። ሙዚቃ የለም። ሳቅ የለም። ከኩሽናው የሚሰማው ሹክሹክታ ብቻ ነው።

ቁልፌን ከተትኩ። አልዞር አለኝ። ከውስጥ ተቆልፏል።

በሩን ደበደብኩት።

አስገር በካልሲ እየሮጠ መጣ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጓል።

"እሽሽ... ምን ሆነሻል?"

"ክፍሌ ነው! ማነው የገባው?"

"ቀስ በይ። ማረን ገና አሁን እንቅልፍ ወሰዳት። ልጅቷ ከንጋት ጀምሮ ሥራ ላይ ነበረች።"

"ማረን እኔ ነኝ! አንተ ደንቆሮ፣ እኔ ነኝ!"

ዲተ ከኋላው ብቅ አለች። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

"ይቅርታ..." አለች በሹክሹክታ። "ማንን ፈልገሽ ነው?"

በሩን እንደገና ደበደብኩት። ፍርሃት እንዳይመስላችሁ፣ ንዴት ነው።

"ዓመት ሙሉ ለመንኳችሁ!" ብዬ ጮህኩ። "አንድ ቀን! ለእኔ አንድ ቀን ዝም ማለት ምን ነበረበት?"



የቀሩትም አንድ በአንድ ከኩሽና ወጡ። አሥራ አንዱም ጫማቸውን አውልቀው፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው በሬ ፊት ቆሙ።

ትንፋሽ እንኳ አይሰማም።

ከበሩ ጀርባ አልጋዬ ሲጥ አለ። አንድ ሰው ወደ ግድግዳው ዞረ...

ከዚያ የራሴ ማንኮራፋት ተሰማኝ።